የጎደለችው ጉጠት

በሕይወቴ አንዲት ጥይት ተኩሼ አላውቅም። ርችት ሲፈነዳ እንኳ ጆሮዬን የምይዝ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ያነበበ ሁሉ ጀግና ወይም ሽፍታ እንዳያደርገኝ ብዬ ነው። እንዲህም ሆኖ በባሕር ዳር ከሹም አቦ ሰፈር እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ የጥንት ጥይት መሙያ ዕቃ በመሰብሰብ የሚስተካከለኝ አልነበረም። በእርግጥ ሌላ የሚሰበስብም አልነበረም።

ድሮ ጥይት እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ባላገር የተኮሰበትን ቀለህ አይጥልም ነበር። ባዶውን ናስ ከሣር ውስጥ ለቅሞ፣ በመቀነቱ ቋጥሮ፣ ጥይት መሙላት ወደሚያውቅ ሰው ይወስደዋል። ያ ሰው አዲስ ባሩድና አዲስ እርሳስ አድርጎበት ይመልስለታል። አንድ ቀለህ አምስት ስድስት ጊዜ ይሞታል፣ አምስት ስድስት ጊዜ ይነሣል። አባቴ እኔ ሳልወለድ፣ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ሲኖር፣ ሙያው ይህ ነበር። እኔ ሳውቀው ግን የባሕር ዳር ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፤ በእጁ ከዱላ በቀር መሣሪያ አይቼ አላውቅም። ደልጊን ለምን እንደ ተወ ስጠይቀው "ወባው አላስቀምጥ አለኝ" ይለኝ ነበር። ባሕር ዳር ወባ የሌለ ይመስል።

ሲሞት ከአልጋው ሥር አንዲት የእንጨት ሣጥን ወጣች። ውስጧ ውጅግራ የሚባለው የድሮ ጠመንጃ አሥራ አንድ ቀለህ፣ ባሩድ የሚሰፈርባት የቀንድ መስፈሪያ፣ ባሩዱ የሚጠቀጠቅበት ዘንግ፣ ያበጠ ቀለህ መልሶ የሚያጠብብ ብረትና ሁለት ድቡልቡል እርሳሶች ነበሩ። ሣጥኗን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። አባቴ አልፎ አልፎ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ በሩን ገርበብ አድርጎ ይከፍታትና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በዘይት ጨርቅ ይወለውላል። ከዚያ ይቆልፍና ቁልፉን አንገቱ ላይ ካለው ማተብ ጋር ያስራል። ዋናዋ ዕቃ ግን የለችም። እርሳስ የሚፈስባት ጉጠት ናት። ስትከደን በአፏ ውስጥ ክብ ጉድጓድ የሚቀር፣ የቀለጠ እርሳስ ሲጨመርባት ድቡልቡል ጥይት የምትወልድ ጉጠት ማለት ነው። አባቴን አንድ ጊዜ ብጠይቀው "ደልጊ ቀረች" አለኝ። ቀጥሎም ስለ ወባ አወራኝ።

እንግዲህ እኔን ሰብሳቢ ያደረገኝ ይህ ጉድለት ነው። የጎደለ ጥርስ ምላስን እንደሚጠራ፣ ያች ጉጠት ስትጠራኝ ኖረች። ለባለቤቴ በሠርጋችን የተሰጣትን ስኒና ብርጭቆ ከቡፌው አውጥቼ በካርቶን ከአልጋ ሥር አስገባሁና በቦታው የአባቴን ዕቃ ደረደርሁ። መብራትም አስገባሁለት። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ በላስቲክ ኩባያ ሻይ ታቀርባለች፤ እኔ ደግሞ እንግዳው ሻዩን እስኪጨርስ ስለ ቀለህ አስተምረዋለሁ። ብዙ እንግዳ ሁለተኛ አልመጣም። እሷም "የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ" ትላለች፤ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ።

በቴሌግራም የጥንት ዕቃ ወዳጆች የምንሰባሰብበት ቡድን ነበረን። ግማሹ አባል መሸጥ የሚፈልግ ነው። ሌላው ግማሽ "ያንተ ከሁሉም ይበልጣል" እንዲባል የሚፈልግ ነው። እኔ የሁለተኛው ወገን ነበርሁ። አንድ ሰሞን ናስ ይወልወል ወይስ እንዳለ ይተው በሚል ቡድኑ ለሁለት ተከፈለና አንዱ ሌላውን አወገዘ። የወልዋዮቹን ወገን ይዤ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርሁ። ማስረጃዬ አባቴ ነበር። "አባቴ ቅርስ አፍቃሪ ስለነበር እስከ ዕለተ ሞቱ ሲወለውል ኖሯል" ብዬ አራት ደቂቃ የፈጀ ድምፅ ላክሁ። ብዙ ሰው በልብ ምልክት አጸደቀልኝ።

ወሬው ቆራሌዎች ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ኑሮዬ ሁሉ ናስ ሆነ። "ጋሼ፣ የድሮ ጥይት አለኝ!" ብሎ በሬን ያላንኳኳ የለም። አንዱ የከንፈር ቀለም ክዳን አመጣልኝ። አንዱ ትናንት የተጣለ ቀለህ በሎሚና በእበት አሽቶ፣ ትልቅ ጦርነት የዋለ ነው ብሎ ምሎ ሸጠልኝ። የሚገርመው ሁሉም ቀለህ የዋለው በዚያው በአንዱ ጦርነት ነው፤ ሌላውን ጦርነት የተዋጉት በዱላ ይሆናል። አንድ ቀን ግን እውነተኛ የውጅግራ ቀለህ አገኘሁ። አፉ በጨርቅ ተወትፏል። በጥንቃቄ ብከፍተው ውስጡ ኩል ነው። የአገር ምድሩ ሴት ለካ ቀለሁን የኩል ብልቃጥ አድርጎታል። ባለቤቴ ኩሉን ተኩላ "ከቅርስህ ሁሉ የጠቀመኝ ይኸ ነው" አለችኝ።

ጉጠቷን ያገኘኋት ዓሣ ልገዛ ሄጄ ነው። ሐይቁ ዳር ከደልጊ የመጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን አስጥቶ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይሸጣል። ጎንበስ ብዬ ዓሣ ስመርጥ ዓይኔ መረቡ ግርጌ ላይ አረፈ። መረቡ ወደ ታች እንዲሰምጥ የታችኛው ገመድ እርሳስ ይታሰርበታል። የሌሎቹ እርሳስ የተጨማደደ ቁራጭ ነው። የዚህ ግን ድቡልቡል ሆኖ በወገቡ ዙሪያ ቀጭን የስፌት መስመር አለው። በአንድ ጎኑም እንደ ኪንታሮት ጉብ ያለች ነገር አለች። ያችን ኪንታሮት አውቃታለሁ። የአባቴ ሣጥን ውስጥ ያሉት ሁለቱ እርሳሶችም በዚያው ጎናቸው አላቸው። የጉጠቷ አፍ ውስጥ ጭረት አለባት ማለት ነው፤ የወለደችው ሁሉ ምልክቷን ይዞ ይወጣል።

"ይኸን እርሳስ ማን ሠራልህ?" አልሁት።

"ደልጊ አንዲት ባልቴት አሉ። የኛ አገር ዓሣ አጥማጅ ሁሉ እርሳስ የሚያሠራ እሳቸው ዘንድ ነው። ዓሣውን ትወስደዋለህ አትወስደውም?"

አልወሰድሁም። በቀጥታ ወደ እድራችን ዳኛ ቤት ሄድሁ። እኚህ ሽማግሌ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ማስታረቅና ልጅ ማጋባት ብቻ ነው። የሚሸመግሉት ነገር ባጡ ሳምንት ያማቸዋል። ነገሩን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ።

"የሰው ዕቃ በባዶ እጅ አይጠየቅም" አሉኝ። "ሁለት ኪሎ ስኳር፣ አንድ ኪሎ ቡና፣ አንድ ጋቢ ያዝ። አነጋገሩን ለኔ ተወው። እኔ ለምኜ ያጣሁት ነገር የለም።"

"ብረት ለምነው ያውቃሉ ወይ፣ ጋሼ?"

"የሰው ልጅ የለመንሁ ሰው ብረት ያቅተኛል?"

በመርከብ ሄድን። ደልጊ ስንወርድ እሳቸው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጭራ ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ የስኳሩን ዘንቢል ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየናል። የባልቴቷ ግቢ ከውኃው ጥቂት ራቅ ብሎ ነው። ባልቴቷ ደጅ ላይ ሦስት ጉልቻ ጎልተው በብረት ድስት እርሳስ ያቀልጣሉ። አጠገባቸው እርሳሱ የወጣበት የተቀደደ የመኪና ባትሪ ተጥሏል። በቀኝ እጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለች ጉጠት ይዘዋል። እሷ ናት። የአባቴ ጉጠት፣ ጠቁራ፣ እጀታዋ ተልጦ፣ እየሠራች ነበር።

ባልቴቷ ሽማግሌውን ከነጋቢያቸው፣ እኔን ከነዘንቢሌ አይተው ሳቁ።

"ለልጅ ከሆነ የመጣችሁ ዘግይታችኋል። ሴቶቹን ድሬ ጨርሻለሁ። ያልተዳርሁ የቀረሁት እኔ ነኝ።"

ግቢው ውስጥ ገብተን እሳቱ አጠገብ ተቀመጥን። ሽማግሌው ተነሥተው፣ ጭራቸውን በክንዳቸው አጋድመው ጀመሩ። ስለ ሐይቁ በረከት ተናገሩ። ሰው ከሰው፣ ዕቃም ከወገኑ መለየቱ እንደሚያሳዝን ተናገሩ። "አንዲት የጠፋች በግ" እስከ ማለት ደረሱ። በመጨረሻ ጭራቸውን ወደ ጉጠቷ ቀስረው "እሷን ልንለምን ነው የመጣን" አሉ። ባልቴቷ ጉጠቷን፣ ሽማግሌውን፣ እኔን ተራ በተራ አዩ።

"የማን ልጅ ነህ አንተ?" አሉኝ።

የአባቴን ስም ነገርኋቸው። እርሳሱን ማማሰላቸውን አቆሙ።

"ይህች ዕቃ እዚህ እንዴት እንደ ቀረች አባትህ ነግሮሃል?"

"በውሰት የቀረች ይመስለኛል፣ እማማ።"

መልስ አልሰጡኝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእኔ አፍ ግን ተከፍቶ ነበር። ዝምታቸውን እሺታ አደረግሁትና ስልኬን አወጣሁ። የቡፌውን ፎቶ፣ ያንን መብራቱ በርቶ ያነሣሁትን፣ ከፍቼ ሰጠኋቸው። "ይዩ፣ እማማ። ወንድም እኅቶቿ እኔ ዘንድ ናቸው። እሷ ብቻ ናት የጎደለች" አልሁ። እንዲያውም ኮራሁ።

ባልቴቷ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ስልኩን ተቀበሉኝ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"አጉላልኝ" አሉ።

አጎላሁላቸው። ቀለሆቹን በጣታቸው ቆጠሩ። መስፈሪያዋን አዩ። ዘንጉን አዩ።

"ይኸ ሁሉ የማን ነው?"

"የአባቴ ነዋ! እስኪሞት ከአልጋው ሥር ነበር። እሑድ እሑድ ይወለውለው ነበር።"

ሽማግሌው ክርናቸውን ጎኔ ውስጥ ሰደዱት። እሳቸው ከእኔ ቀድመው ገብቷቸዋል። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ነገሩ አንዴ አምልጦኛል።

ባልቴቷ ስልኩን መልሰው ጭኔ ላይ አኖሩትና ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ነገሩኝ። ታላቅ ወንድማቸው ሚዜ በሆነበት ሠርግ ላይ ነው። ወንድማቸው አባቴ የሞላለትን ጥይት አጉርሶ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ባሩዱ በዝቶ ኖሮ ጠመንጃው ወደ ኋላ ፈነዳበት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። አባቴ አልሸሸም። ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ የሟቹ እናት ደጅ ላይ ወደቀ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ አስታረቁ። አባቴ ሁለተኛ ጥይት ላይሞላ፣ የሚሞላበትንም ዕቃ አንድ ሳያስቀር ለሟቹ እናት ሊሰጥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማለ። ይቺን ጉጠት ይዞ መጥቶ ሰጠ። ከዚያ አገር ለቆ ሄደ።

"እናቴ 'ዕቃህ ይኸው ብቻ ነው ወይ?' አለችው" አሉኝ ባልቴቷ። "'ይኸው ብቻ ነው' አላት። እኔ ልጅ ነበርሁ፤ ቀሚሷን ይዤ ቁሜ ሰምቻለሁ።"

ሽማግሌው ጭራቸውን ከክንዳቸው አውርደው መሬት ላይ አኖሩት። ለምነው ያላጡት ሰው በሕይወታቸው የመጀመሪያውን እምቢታ ሳይነገራቸው ሰሙ።

"እኔ አባትህን ይቅር ካልሁት ቆየሁ" አሉ ባልቴቷ። "አላዋቂ አልነበረም፤ እጁ ሳተ። እናቴ ግን ያን ቃሉን እንዳመነች ነው የሞተች።"

ከዚያ ጉጠቷን ከፍተው እርሳስ አፈሰሱባት። ድቡልቡሉ ሲወጣ ትኩሱን በቢላ ሰንጥቀው፣ አጠገባቸው በተሰጣ የዓሣ መረብ ገመድ ላይ አድርገው፣ በጉጠቷ ጫፍ ነከሱት። ስኳሩንና ቡናውን አልተቀበሉም። አልሰደቡንምም። ምሳ ብሉ አሉን፤ በላን። እንዲህ ያለ ምሳ ጠላቴም አይብላ።

በመመለሻው መርከብ ላይ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። የዘጌን ደን ስናይ "የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ" አሉና መልሰው ተከናነቡ። አፈርሁ። በአባቴ ተናደድሁ። ደግሞ ወዲያው ናፈቀኝ። በሩን ገርበብ አድርጎ ሲወለውል አየዋለሁ። ቅርስ አፍቃሪ ብዬ በአራት ደቂቃ ድምፅ ያወጅሁለት ሰው ምን ያደርግ ኖሯል? ሙያው አልለቀው ብሎት ነው? ወይስ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደ ነበር መስፈሪያዋን እያየ ይመረምር ነበር? አንድ ቀን እመልሳለሁ እያለ አፍሮ ቀርቶም ይሆናል። ከቅዳሴ መልስ መሆኑም አሁን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ብጠይቀው ኖሮ ወባ ይለኝ ነበር።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኋት። "አላልሁህም" ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ቡፌውን ከፍታ ቀለሆቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። የኩሉን ቀለህ እኔው ስጨምረው "እሱ የአባትህ አይደለም፤ የኔ ነው" ብላ መልሳ ወሰደችው። ልክ ነበረች፤ ልመልስ የተነሣሁት የአባቴን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሣጥኗን ይዤ ወደብ ወረድሁ። ሽማግሌው ሳልጠራቸው እዚያ ቁመዋል፤ ያለ ጭራ። ፈታሹ ፖሊስ ሣጥኗን አስከፈተኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ውጅግራ ታሪክ፣ ስለ ናስ አወላወል፣ ስለ ቅርስ ጥበቃ መርከቡ እስኪሄድ አስተምረው ነበር።

"ምንድን ነው ይኸ?" አለኝ።

"የሰው ዕቃ ነው። ልመልስ ነው።"

ቀለሆቹን አገላብጦ ባዶ መሆናቸውን አየና አሳለፈኝ። ለዓመታት ስለዚያ ዕቃ ከተናገርሁት ሁሉ አጭሩና እውነተኛው እሱ ነበር።

ባልቴቷ ሣጥኗን እንደ ተቀበሉ ደጃቸው ላይ ዘረገፏት። ቆጠሩ። ሁለቱን ድቡልቡል እርሳሶች አንሥተው፣ ኪንታሮታቸውን በአውራ ጣታቸው ዳሰው፣ ድስቱ ውስጥ ጣሏቸው። ጥቂት ቁመው ቀለጡ። ልቤ ዝቅ አለ፤ ሰብሳቢነት በአንድ ቀን አይለቅም። የቀንድ መስፈሪያዋን የጨው ማስቀመጫ ላድርጋት አሉ። ዘንጉ እሳት መቆስቆሻ ሆነ። ያበጠ ቀለህ የሚያጠብበውን ብረት የግቢያቸው በር በንፋስ እንዳይዘጋ ሥሩ አኖሩት። አሥራ አንዱን ቀለህ በምስማር ቂጣቸውን እየበሱ በአንድ መረብ ግርጌ ገመድ ሰኳቸው።

"ለምን ይሆኑዎታል፣ እማማ?" አልሁ።

"ናስም ይሰምጣል" አሉኝ።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ቀና ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እናታቸው ወደ ተቀበሩበት በኩል ዞሩ። ለጎረቤት እንደሚጣሩ ያህል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "እማዬ! ሁሉም ደርሷል!" አሉ። ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ። እኔ ማልቀሴን ያወቅሁት እርሳሱ ዘንድ ጎንበስ ስል እንባዬ ጉልቻው ላይ ጠብ ሲል ነው።

"ና ወዲህ" አሉኝ ባልቴቷ። ጉጠቷን በጨርቅ ጠቅልለው አስያዙኝ። "አንዲት አፍስስ።"

ከባድ ናት፤ ትሞቃለች። እሳቸው በጭልፋ ጨመሩ፣ እኔ ያዝሁ። ስከፍታት የአባቴ እርሳስ ድቡልቡል ሆኖ፣ ኪንታሮቱን ይዞ ወጣ። በሕይወቴ የሠራኋት የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ናት። ማስታወሻ ይሰጡኛል ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ሰንጥቀው መረቡ ላይ ነከሷት።

በመርከቡ ላይ ስልኬ ጮኸ። የቴሌግራሙ ወዳጆቼ ናቸው፤ ከወልዋዮቹ አንዱ "ጉጠቷ ተገኘች ወይ? ስብስቡ ተሟላ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል።

"ተሟላ" ብዬ ጻፍሁ።

"ፎቶ ላክልን!" አሉ ሁሉም በአንድ ጊዜ።

አልነበረኝም። መረቡን ከነቀለሆቹ ከነእርሳሱ ዓሣ አጥማጆቹ ሐይቅ ውስጥ ጥለውት ነበር።